ሰው ሞቶ የማይለቀስበት ፊልም
(ስለ «ዓርብ 13፣ ክፍል 2»)

«በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ጩቤ ፊልም ይጻፋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በክበባችን ተነሥቶ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ገና የፊልሙን ስም ሲሰሙ ሳቁ። ሌሎቹ ደግሞ ተቆጡ። ያልተሄሰ ስንት ልቦለድ፣ ያልተነበበ ስንት ግጥም ተከምሮ ሳለ፣ ወጣቶች አንድ በአንድ ስለሚታረዱበት ርካሽ የአሜሪካ ፊልም፣ ያውም ስለ ሁለተኛው ክፍል፣ ወረቀት ማባከን ምን ይሉታል? አሉን። ቁጣቸውን አንንቅም። ነገር ግን ይኸው ዓይነት ፊልም በየሰፈሩ ከስልክ ስልክ፣ ከፍላሽ ፍላሽ ሲዘዋወር የሚያየው ማነው? እኛው ነን። የሚስቅበትስ? አሁንም እኛው ነን። እንግዲያውስ የምንስቅበትን ነገር መመርመር ነውር ሊሆን አይገባም። ሂስ የተፈጠረው ለታላላቅ ድርሰቶች ብቻ ነው ያለ የለም። ሰዉ የሚያየውን ላለማየት ፊቱን የሚያዞር ሐያሲ ለማን ሊጽፍ ነው?

ነገሩ የተጀመረው ሳሪስ ነው። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ባልደረባችን ወላጆች ሰርቪስ ክፍል፣ ቅዳሜ ማታ ሰባት ሆነን ተሰበሰብን። አንድ ላፕቶፕ፣ የተዋስነው ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ትሪ ቆሎ፤ በሩ ተዘግቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ታላላቆቻችን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቪዲዮ ቤት ገብተው፣ በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቀው ያዩ የነበረውን ዓይነት ፊልም እኛ ዛሬ ከቴሌግራም አውርደን እናየዋለን። የክፍሉ ጥበትና የአስተያየቱ ብዛት ግን እንዳለ ነው። አንዱ «አትግቢ! ኧረ አትግቢ!» እያለ ይጮሃል፤ ሌላው «ቀጥሎ ማን ነው ተረኛው?» ብሎ በሻይ ይወራረዳል።

ፊልሙ ከግማሽ አልፎ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ማርክ ፊቱን በገጀራ ተመትቶ፣ ወንበሩ በዝናብ ውስጥ ወደ ኋላ ደረጃውን እየነጠረ ሲወርድ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለምን እንደሳቅን እንጃ። ብቻ ሳቅን። ሳቁ ሳይበርድ በሩ ተንኳኳ። የከፈተው ልጅ ደጃፉ ላይ ያገኘው የእድሩን ዳኛ ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባትሪ ይዘው።

«ልጆቼ፣ ሰው ሞቶብናል እኮ። ሳቃችሁ ድንኳን ድረስ ይሰማል» አሉ።

«ይቅርታ አባባ፣ አላወቅንም።»

«አለማወቅስ ኖሯል። አሁን አወቃችሁ። በሉ ኑ፣ አግዳሚ አውርዱ።»

ከሁለት ቅያስ ማዶ፣ ዕድሜያቸውን በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የፈጁ አንድ አዛውንት ከሰዓት በኋላ አርፈው ኖሯል። የባልደረባችን እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሄዱ ቆይተዋል። እኛ በር ዘግተን፣ ድምፅ ለቀን የሰው ሞት ስናይ የሰፈራችንን ሞት አልሰማንም። ላፕቶፑን አጥፈን ወጣን። አግዳሚ ተሸከምን፣ የድንኳን ገመድ ወጠርን፣ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያድር ከሰፈር ልጆች ጋር ካርታ እየተጫወትን እስከ ሌሊት ተቀመጥን። ንጋት ላይ ከሩቅ የመጣች ልጃቸው ገና ከቅያሱ ጫፍ ጀምራ ጮኸች። ድንኳኑ በሙሉ ተነሥቶ ተቀበላት።

በሳምንቱ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምረን አየነው። ማርክ ሲወድቅ የሳቀ አልነበረም። ፊልሙ ያው ፊልም ነው፤ የተለወጥነው እኛ ነን። ይህ ጽሑፍም ያንን ለውጥ ለመረዳት የተደረገ ሙከራ ነው።

እስቲ ፊልሙን ላላየው አንባቢ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ካርፔንተር ከ300,000 ዶላር እምብዛም ባልበለጠ ገንዘብ «ሃሎዊን» የተባለውን ፊልም ሠርቶ ብዙ እጥፍ ትርፍ ሲያስገኝ፣ ሌሎች አዘጋጆች ዓይናቸው ተከፈተ። ከእነዚህ አንዱ ሾን ከኒንግሃም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» ወጣ፤ እኛ «ዓርብ 13» እንበለው። ወጪው ወደ 550,000 ዶላር፣ ገቢው በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ታዲያ ይህን ያየ ኩባንያ ዝም ብሎ ይቀመጣል? ፓራማውንት ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛውን ክፍል አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አወጣው። አዘጋጁ በመጀመሪያው ፊልም ላይ በረዳትነት የሠራው ስቲቭ ማይነር፣ ጸሐፊው ሮን ከርዝ ናቸው። ይህም ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሮጀር ኢበርት የተባለው እውቅ የአሜሪካ ሐያሲ የሰጠው ግማሽ ኮከብ ብቻ ነበር። ገበያው ግን ሐያሲ አልጠየቀም።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። ፈረንጆች 13 ቁጥርን ይፈራሉ፤ ዓርብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስባቸዋል። እኛ ዘንድ 13 ምን አደረገ? ዓመታችን 13 ወር ነው፤ በየወሩም 13ኛው ቀን የእግዚአብሔር አብ ነው። ዓርብም ብትሆን የጾም ቀን ናት እንጂ የገዳይ ቀን አይደለችም። ስለዚህ ርዕሱ በእኛ ላይ አይሠራም። ፊልሙ ሊያስፈራን ከፈለገ በሌላ በር መግባት አለበት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በክሪስታል ሐይቅ ዳር ባለ የልጆች ካምፕ ጄሰን የሚባል ልጅ ጠባቂዎቹ ወጣቶች ቸል ብለውት ሰጠመ ይባላል። በመጀመሪያው ፊልም እናቱ ፓሜላ ቮርሂስ ካምፑ እንደገና ሊከፈት ሲል ወጣቶቹን አንድ በአንድ ትገድላለች፤ በመጨረሻ አሊስ የምትባል ልጅ አንገቷን በገጀራ ትቆርጣታለች። በሁለተኛው ክፍል ጄሰን አልሞተም ኖሮ፣ ጫካ ውስጥ አድጎ፣ የእናቱን አንገት መቆረጥ አይቶ፣ ለበቀል ይነሣል። መጀመሪያ አሊስን ቤቷ ድረስ ሄዶ ይገድላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፖል የሚባል ሰው በዚያው ሐይቅ አጠገብ የካምፕ ሠራተኞችን ሊያሠለጥን ወጣቶች ሲሰበስብ፣ ጄሰን በእነሱ ላይ ይዘምታል። አሊስን ጨምሮ 9 ሰዎች ይሞታሉ፤ የፖል መጨረሻ ግን ሳይነገረን ይቀራል። የምትተርፈው ጂኒ የምትባል የሕፃናት ሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ ኤሚ ስቲል ተጫውታዋለች።

የፊልሙ ድህነት ከመነሻው ይታያል። መጀመሪያ ላይ አሊስ ተኝታ ስትቃዥ የሚያሳየን ምልሰት ከአንደኛው ፊልም እንዳለ የተወሰደ ነው፤ በአንድ ሥጋ ሁለቴ ወጥ መሥራት ይሏል ይህ ነው። ሁለት ፍቅረኞች በአንድ ጦር ከአልጋ ጋር የሚሰፉበት ትዕይንትም ጣሊያናዊው ማሪዮ ባቫ እ.ኤ.አ. በ1971 ከሠራው ፊልም ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ጄሰንን የምናውቅበት የበረዶ ሆኪ ጭምብል እንኳ እዚህ የለም፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1982 በሦስተኛው ክፍል ነው። እዚህ ጄሰን ራሱ ላይ ያጠለቀው አንድ ዓይን ብቻ የተበሳለት ጆንያ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ስለዚህ ዓይነት ፊልም በተደጋጋሚ የሚነገረው አስተያየት «የኃጢአት ስብከት ነው» የሚል ነው። ወጣቶቹ ይጠጣሉ፣ ያጨሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ከዚያ ይታረዳሉ፤ ጨዋዋ ልጅ ብቻ ትተርፋለች ይባላል። አንዳንድ የሰፈር ወላጆችም «ይኸው፣ ያልተቀጣ ልጅ መጨረሻው ይህ ነው» ብለው ከፊልሙ ትምህርት ሊያወጡ ይሞክራሉ። ይህ አስተያየት ፊልሙን በደንብ ካለማየት የመጣ ይመስለናል። ለምን ቢሉ፣ ከሁሉ ይበልጥ ጠጪውና ቀልደኛው ቴድ ነው። ቴድ ምን ሆነ? ከተማ ወርዶ ቡና ቤት እየጠጣ አመሸ፤ አልመለስም አለ፤ ስለዚህም ተረፈ! ያዳነው መጠጡ ነው። ማርክስ? ምን አጠፋ? የወደደችው ልጅ ልብስ ልትቀይር ሄዳ ሲጠብቃት ነው የተገደለው። ከጂኒም ቢሆን ንጽሕት ድንግል አላደረጓትም፤ ከፖል ጋር ፍቅር አላት፣ ቢራዋንም ትጠጣለች። እንግዲህ የፊልሙ ሕግ የሥነ ምግባር ሕግ ከሆነ፣ ዳኛው ራሱ ሰክሯል ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ነገሩን በመደብ ዓይን ማየት አለብን ሲል ተከራከረ። ጄሰን የለበሰው ቱታና የባላገር ሸሚዝ ነው፤ የሚኖረው ከቁርጥራጭ ቆርቆሮና እንጨት በተሠራ ጎጆ ውስጥ ነው፤ መሣሪያው ገጀራ፣ መዶሻ፣ መንሽ፣ የአጥር ሽቦ ነው። እነዚህ ሁሉ የሠራተኛና የገበሬ ዕቃዎች ናቸው። ወጣቶቹ ግን መኪና ነድተው የመጡ የከተማ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ፊልሙ ድሃውን ባላገር አውሬ አድርጎ ይስለዋል አለን። አባባሉ ውስጥ እውነት አለ፤ እንቀበለዋለን። ይሁንና ይህ ንባብ ጄሰን ለምን እንደሚገድል አይነግረንም። በየጫካው ጎጆ ሠርቶ፣ መዶሻ ይዞ የሚኖር ስንት ሰው አለ፤ ገዳይ ግን አልሆነም። መልሱ ሌላ ቦታ ነው።

ድንኳን ውስጥ አምሽተን ተመልሰን ስናየው የታየን ነገር ይህ ነው፦ በዚህ ፊልም ውስጥ ማንም አያለቅስም። እውነታችንን ነው፤ እንባ የለም ማለታችን አይደለም፣ በፍርሃት የሚጮኸውማ ሞልቷል። ለሞተ ሰው ብሎ የሚያለቅስ ግን የለም። ሰው ይጠፋል፣ «የት ሄደ?» ብሎ በቅጡ የሚፈልግ የለም። የአሊስ እናት አይመጡም። የፖሊሱ ሚስት አትታይም። የማርክ ወንድም የት እንዳለ አይነገረንም። መቼቱ ራሱ ለዚህ የተመረጠ ነው፤ ጎረቤት የሌለበት፣ እድር የሌለበት፣ ሁሉም ለጥቂት ሳምንት የመጣበት ጫካ። እኛ ሰው ሲቀብር ያደግን ልጆች ስለሆንን ገዳዩ አላስደነቀንም። ያስደነቀን የሬሳው ባለቤት ማጣት ነው።

አይ፣ ተሳስተናል። አንድ ሐዘንተኛ አለ። እሱም ገዳዩ ራሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ ብለህ ተመልከት። ጄሰን አሊስን ከገደለ በኋላ ምድጃ ላይ የተጣደው ጀበና መሰል የሻይ ዕቃ ያፏጫል፤ በዚህ ጊዜ አንድ እጅ መጥቶ ዕቃውን ከእሳቱ ላይ ያወርደዋል። ይህ እጅ የጄሰን ነው። መጀመሪያ ስናይ ቀልድ መስሎን ነበር። ነገር ግን ይህ የቤት ልጅ እጅ አይደለም ወይ? የእናት ቤት አመል ያልለቀቀው ሰው እጅ ነው። ጫካ ወዳለው ጎጆው ስንገባ ደግሞ የእናቱን ጭንቅላት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን ሻማ አብርቶ፣ ሹራቧን አጠገቡ አኑሮ እናገኘዋለን። ይህ ምንድን ነው? ለቅሶ ቤት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ድንኳኑ ያልፈረሰ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» የሚል አንድ ሰው ያልገባበት ለቅሶ ቤት። ሃሪ ማንፍሬዲኒ ያዘጋጀው፣ ጄሰን ሲቃረብ የሚሰማው «ኪ፣ ኪ፣ ማ፣ ማ» የሚል ሹክሹክታ እንኳ «ግደል» እና «እማዬ» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ የተወሰደ መሆኑን አቀናባሪው ራሱ ተናግሯል። ልጁ ሲገድልም የሚጠራው እናቱን ነው ማለት ነው።

ሌሎቹስ ከዚህ ሐዘን ጋር እንዴት ይኖራሉ? ፖል ሠልጣኞቹን እሳት ዳር ሰብስቦ የጄሰንን ታሪክ እንደ ተረት ይነግራቸዋል። የሰጠመ ልጅና አንገቷ የተቆረጠ እናት የማታ መዝናኛ ይሆናሉ። ልባቸው ተሰቅሎ ሲያዳምጡ ቴድ ጭምብል አጥልቆ፣ ጦር ይዞ ከጨለማው ዘሎ ይወጣል። ይጮኻሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ። እኛ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የሳቅነውን ሳቅ ይስቃሉ። ለፊልሙ ትልቁ ንግር ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ የሰው ሐዘን ወደ ቀልድ ሲለወጥ ሐዘንተኛው ራሱ ሊመጣ ግድ ይሆናል።

ከዚህ ሳቅ የተለየችው ጂኒ ብቻ ናት። ቡና ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ሌሎቹ ሲቀልዱ፣ እሷ ጄሰን በሕይወት ቢኖር ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር ብላ ታስባለች። ጓደኛ የሌለው፣ ከእናቱ በቀር ሰው የማያውቅ፣ ያቺኑ አንዲት እናት ዓይኑ እያየ ያጣ ልጅ። ፖል ነገሩን አፈ ታሪክ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን በዚያች ደቂቃ ሳታውቀው ለቅሶ ደርሳለች። በፊልሙ ውስጥ ለጄሰን ለቅሶ የደረሰች ብቸኛ ሰው እሷ ናት። በመጨረሻም ያተረፋት ይህ ነው። ተባራ ጎጆው ውስጥ ስትገባ፣ ሻማውንና ጭንቅላቱን ስታይ፣ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባታል። ሹራቡን ትለብሳለች፤ በእናት ድምፅ ትናገረዋለች። ያ ሁሉ ሰው የገደለ ሰውዬ ይንበረከካል። ካሮል ክሎቨር የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ «መጨረሻዋ ልጅ» ስትጽፍ፣ በእንደነዚህ ያሉ ፊልሞች የምትተርፈው ልጅ ነቅታ የምታይ፣ አደጋውን ቀድማ የምታነብ መሆኗን አሳይታለች። በዚህ ላይ የእኛን እንጨምር፤ ጂኒ የተረፈችው አደጋውን ስላነበበች ብቻ ሳይሆን ሐዘኑን ስላነበበች ነው።

ያም ሆኖ ፊልሙ ያገኘውን ነገር መልሶ ይጥለዋል። የጂኒ አነጋገር ማጽናኛ መሆኑ ይቀርና ማጥመጃ ይሆናል፤ በእናት ቃል እያባበለች ገጀራ ታነሣለች። ጄሰንም ከጀርባዋ የእውነተኛዋን እናቱን ጭንቅላት ሲያይ ይባንናል። እዚህ ላይ ደራሲው ቆም ብሎ ቢያስብ ኖሮ ታላቅ ትዕይንት በእጁ ነበር። የሐሰት አጽናኝ ከጠላት እንደሚብስ ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ፊልሙ ቸኩሏል፤ ፖል ይደርሳል፣ ትግል ይሆናል፣ ገጀራው ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ድንጋጤ፣ ከዚያ አምቡላንስ። ጂኒ በቃሬዛ ስትወጣ «ፖል የት አለ?» ትላለች። በፊልሙ ሁሉ ስለ ጠፋ ሰው ከልብ የተጠየቀ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልስ ግን የለውም። የመጨረሻው ምስል ደግሞ ያው ጎጆ ውስጥ ያለው የእናቲቱ ጭንቅላት ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ለቅሶ ቤት ነው። ገብቶ የሚቀመጥ ግን ጠፋ።

ስለ ካሜራውም አንድ ቃል። ብዙውን ጊዜ የምናየው በገዳዩ ዓይን ነው፤ ከዛፍ ጀርባ ሆነን፣ በመስኮት አሻግረን። ዓይኑን አውሰውናል፤ ሐዘኑን ግን አላዋሱንም። ለዚህ ነው ሰባታችን ተሰብስበን «ማን ነው ተረኛው?» ብለን የተወራረድነው። ፊልሙ ሰዎቹን ተራ ቁጥር ስላደረጋቸው እኛም ቆጠርናቸው። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ጥፋት ደሙ አይደለም፤ ደምማ በአሜሪካ ሳንሱር ብዙው ተቆርጦለታል። ጥፋቱ ሞትን ያለ ለቅሶ ማሳየቱ ነው።

«ክፍል 2» የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣም ከዚህ ይገባናል። ያልተለቀሰ ሞት አያልቅም፤ ስለዚህ ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ፊልም የጻፈው ቪክቶር ሚለር የጄሰን ገዳይ መሆን እንዳልጣመው፣ በእሱ ድርሰት ልጁ የጥፋት ሰለባ እንጂ ጥፋተኛ እንዳልነበረ ተናግሯል። ኩባንያው ግን ሰለባውን ገዳይ አደረገው። በሦስተኛው ክፍል ፊቱን በጭምብል ሸፈኑት፤ ከዚያ ወዲያ ሐዘኑም አብሮ ተሸፈነ። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ፊልሞች 12 ደርሰዋል። አሥራ ሁለት ጊዜ ሰው ሞቶ ድንኳን አልተተከለም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? የእነሱ ጫካ፣ የእነሱ ሬሳ» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ይህች አገር ለቅሶ የተከለከለበትን ዘመን ታውቃለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ወጣቶች ተገድለው በየመንገዱ ሲጣሉ ብዙ እናቶች በልጆቻቸው ሬሳ ላይ እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ያን ጊዜም ወጣት በቁጥር ሆኖ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ላይ ሲከፈት ደጃፉ ላይ የቆመው የታጣቂ ሐውልት አይደለም፤ የሦስት ሐዘንተኛ ሴቶች ሐውልት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እነዚያ እናቶች ልጅ እንደ ፓሜላ ቮርሂስ አጥተዋል። ገጀራ ግን አላነሡም፤ የጠየቁት አፅሙን ቀብሮ ማልቀስ ነበር። ሁለቱን ልዩነት የሚያህል የሥነ ጽሑፍ ጭብጥ የት ይገኛል?

ዛሬስ? ዛሬ ደግሞ የሰው ሞት በስልካችን ላይ በየቀኑ ያልፋል። በአውራ ጣታችን ገፋ አድርገን ወደ ቀልዱ እንሄዳለን። ሰፈር ሲፈርስ እድሩ ይበተናል፤ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ከጎኑ ያለው በር የማን እንደሆነ ሳያውቅ ዓመት ይሞላዋል። ክሪስታል ሐይቅ ሩቅ አገር መስሎን ነበር። ያን ቅዳሜ ማታ ግን በገዛ ሳሪሳችን፣ በሩን ዘግተን፣ የራሳችንን ክሪስታል ሐይቅ ሠርተን ነበር። ያዳነን አንድ ሽማግሌ በባትሪ መጥተው ማንኳኳታቸው ነው።

ስለዚህ «ይህን ፊልም አትዩ» አንልም። ብንልስ ማን ይሰማናል? እዩት፤ ግን ሲሞቱ አትቁጠሩ፣ «የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስፈሪ ፊልም ለመሥራት የሚያስቡ የአገራችን ወጣቶችም ካሉ፣ ጭምብሉንና ገጀራውን ከመቅዳታቸው በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ፤ የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ካሜራው ከገዳዩ ጋር አይሂድ፤ ከሬሳው ጋር ይቅር፤ ድንኳኑ ሲተከል፣ ጎረቤት ሲመጣ፣ እናቲቱ ስትገባ ያሳየን። ከዚያ በኋላ ገዳዩ ገና በውጭ እንዳለ ትዝ ይለናል፤ ያን ጊዜ በእውነት እንፈራለን። ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ የሚሞተውን ሰው ከነስሙ እናውቀዋለን።

በዚህ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይምጣብን፤ ደስ ይለናል። ሰርቪስ ክፍሉም እንደ ቀድሞው ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው። ለውጡ አንድ ብቻ ነው፦ አሁን ፊልም ስናይ በሩን አንዘጋም።